ተቀምጠን እንዳንቀር
ለዕድሜ እኩዮቼ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ

እኩዮቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፤ ይህን የምጽፍላችሁ ስለ እግራችሁ ፈርቼ ነው። ዕድሜዬን የፈጀሁት በሆስፒታል የፊዚዮቴራፒ ክፍል ውስጥ፣ መራመድ ያቃታቸውን ሰዎች ክንድ ይዤ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የማየው ደግሞ የራሴን እኩዮች ነው፤ በለቅሶ ድንኳን፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ በመስጊድ በር፣ በሰርግ ቤት። ትናንት ኩንታል ተሸክመው ዳገት ይወጡ የነበሩ ሰዎች ዛሬ ከሶፋ ለመነሳት ግራና ቀኝ የሚደግፋቸው ይፈልጋሉ። ምነው ሲባሉ «ዕድሜ ነው» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ግን ግማሹን ብቻ ነው የተናገሩት። ሌላው ግማሽ ደስ ብሎን የተቀበልነው ክብር ነው።

በእኛ አገር ትልቅ ሰው ሲገባ «ኖር» ይባላል፤ ወጣቱ ይነሳል፣ ትልቁ «በእግዜር» ብሎ ይቀመጣል። ውሃ ሲጠማን ልጅ ይሮጣል። መነጽራችን ከጠረጴዛው ማዶ ከሆነ የልጅ ልጅ ያቀብለናል። ልንነሳ ስንቃጣ «በሞቴ አይነሱ!» ይሉናል። ይህ ፍቅር ነው፤ ማንንም አልነቅፍበትም። ጡንቻ ግን ክብር አያውቅም፤ የሚያውቀው ሥራን ነው። ሥራ ያጣውን ጡንቻ ሰውነት ቀስ በቀስ አፍርሶ ለሌላ ጉዳይ ያውለዋል። ቀድሞ እኮ እንግዳ ሲገባ ትልቅም ቢሆን ብድግ ይል ነበር፤ በአንድ ምሽት አሥር እንግዳ ከመጣ አሥር ጊዜ መነሳትና መቀመጥ ነበር። ዛሬ እጃችንን ዘርግተን ተቀምጠን ሰላም እንላለን።

የፍርሃቴ ምክንያት እንዲገባችሁ ሰውነታችን እንዴት እንደሚሸከመን ላስረዳ። ብዙ ሰው 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሲራመድ ዳሌውና ጉልበቱ የሚሸከሙት 60 ኪሎ ይመስለዋል። እውነቱ ከዚያ ብዙ ይርቃል። በእጀታው በኩል በአንድ ጣት የሚከፈት በር፣ ከማጠፊያው አጠገብ ሲገፋ ትከሻ ይጠይቃል። ጡንቻዎቻችንም አብዛኞቹ የተያያዙት ከመገጣጠሚያው አጠገብ ነው። ክንዳችንን የሚያጥፈው ጡንቻ ከክርን የሚርቀው ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ በመዳፋችን የያዝነው ዕቃ ግን ከክርን 35 ሳንቲ ሜትር ያህል ይርቃል። ስለዚህ 5 ኪሎ ጤፍ በመዳፍ ይዞ ክንድን አጥፎ ለመቆየት ጡንቻው ወደ 40 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል መሳብ አለበት። ይህን በስሌት ያሳየው ጣሊያናዊው ጆቫኒ አልፎንሶ ቦሬሊ ነው፤ ስለ እንስሳት እንቅስቃሴ የጻፈው መጽሐፍ የታተመው እርሱ በ1679 እ.ኤ.አ. ከሞተ በኋላ ነው። ከእርሱ በፊት የነበሩ ሊቃውንት ጡንቻ በትንሽ ኃይል ትልቅ ሸክም እንደሚያነሳ ያምኑ ነበር። ቦሬሊ ነገሩን ገለበጠው፤ ጡንቻ ትንሽ ሸክም ለማንሳት እንኳ ትልቅ ኃይል ማውጣት አለበት አለ።

ወደ ዳሌ እንምጣ፤ ለእኛ ዋናው ጉዳይ እሱ ነውና። በእያንዳንዱ እርምጃ ለጥቂት ጊዜ በአንድ እግር ብቻ እንቆማለን። ያን ጊዜ የሰውነታችን ክብደት ወገባችንን ወደ ተነሳው እግር በኩል ሊያዘነብለው ይጎትታል። እንዳያዘነብል የሚይዘው በዳሌ ጎን፣ ከቀበቶ ዝቅ ብለን የምንዳስሰው ጡንቻ ነው። ይህ ጡንቻ ለመገጣጠሚያው በጣም ቅርብ ስለሆነ ከክብደታችን ሁለት እጥፍ ያህል ካልሳበ አይችለንም። የጡንቻው ጉተታና የሰውነት ክብደት ተደምረው መገጣጠሚያው ላይ ያርፋሉ። በበርሊን በጌኦርግ ቤርግማን የተመራ ቡድን ሰው ሠራሽ የዳሌ መገጣጠሚያ ውስጥ መለኪያ አስገብቶ፣ ሕመምተኞች ሲራመዱ የሚያርፍባቸውን ኃይል ለካ። በተለመደ እርምጃ የተገኘው ከሰውነት ክብደት ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 150 ኪሎ ማለት ነው፤ ያውም በእያንዳንዱ እርምጃ።

ከዚያ ልኬት ውስጥ እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ቁጥር ነው። መለኪያው የተገጠመላቸው ሰዎች አንዳንድ ጊዜ ሳያስቡት ተደናቀፉ። ሳይወድቁ ቀሩ። በዚያች ቅጽበት ዳሌያቸው ላይ የተመዘገበው ኃይል ከሰውነታቸው ክብደት ከሰባት እጥፍ በላይ ነበር፤ ስምንት እጥፍን ያለፈበትም ጊዜ አለ። የዚህን ኃይል አብዛኛውን ያመጡት የራሳቸው ጡንቻዎች ናቸው። ሰውነት መውደቁን ሲያውቅ በዳሌና በጭን ዙሪያ ያለው ጡንቻ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተወጥሮ ያዘው። ከመውደቅ የሚያድነን ይህ ነው፤ የሚሰጠንም ጊዜ ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ነው። ምንጣፍ ጠርዝ ላይ እግራችሁ ሲያዝ፣ ሌሊት ወደ መጸዳጃ ቤት ስትሄዱ የደፉን ከፍታ ስትስቱ፣ ያ ኃይል በዚያች ቅጽበት ከተገኘ ትተርፋላችሁ። ካልተገኘ ወለሉ ላይ ናችሁ።

ዕድሜ የሚበድለንም እዚህ ላይ ነው። እንግሊዛዊው አርቺባልድ ሂል፣ የ1922 የኖቤል ተሸላሚ፣ ጡንቻ በፍጥነት ባጠረ ቁጥር የሚያወጣው ኃይል እንደሚቀንስ በ1938 እ.ኤ.አ. በቀመር አስቀምጧል። ይህ ለወጣቱም ለአረጋዊውም የሚሠራ ሕግ ነው። በእኛ ላይ የሚጨመረው ሌላ ነው፤ ስናረጅ ከሁሉ ቀድመው የሚከሱት ፈጣኖቹ የጡንቻ ጭረቶች ናቸው። ዘገምተኞቹ ይቆያሉ። ለዚህ ነው ቀስ ብለን ገበያ ሄደን መመለስ የማያቅተን፣ ስንደናቀፍ ግን እግራችንን በጊዜ ማድረስ የሚያቅተን። ጉዞ ስለቻልን ደህና ነን ብለን እንታለላለን። ክንዳችን ወይም ጭናችን መቅጠኑ ለዓይን ከመታየቱ በፊት ኃይሉ ቀንሷል፤ ኃይሉ መቀነሱ ከመታወቁ በፊት ደግሞ ፍጥነቱ ሄዷል።

የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰዎች በመውደቅ እንደሚሞቱ ይገምታል። ከእነዚህ ከ80 በመቶ በላይ የሚሞቱት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው፤ ከሁሉ የሚበዙትም ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ ናቸው። የዳሌ አጥንት ስብራት የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ በጎን በመውደቅ ሲሆን፣ በብዙ አገሮች በተደረጉ ጥናቶች ከተሰበሩት አረጋውያን ከአምስት አንዱ ያህል ዓመት ሳይሞላው ይሞታል። በሕይወት ከቀሩት ብዙዎቹ እንደ ቀድሞው አይራመዱም። እኔ እነዚህን ሰዎች በአልጋቸው አጠገብ ቆሜ አውቃቸዋለሁ።

ደረጃ ላይ ያላችሁ ሰዎች በተለይ ስሙኝ። በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ ላይ፣ አሳንሰር በሌለበት፣ ስንት እኩዮቻችን አሉ! ስንወጣ እናለከልካለን፣ ስለዚህ መውጣትን እንፈራለን። ስንወርድ ትንፋሻችን ስለማይቆራረጥ ቀላል ይመስለናል። በ1952 እ.ኤ.አ. በለንደን የተደረገ ሙከራ አለ፤ ሁለት ብስክሌቶች ጀርባ ለጀርባ ተያያዙ፣ አንዱ ሰው ወደፊት ረገጠ፣ ሌላው ፔዳሉን እየተቃወመ ያዘ። የሁለቱ ኃይል እኩል ነበር፤ የሚይዘው ግን ያስፈለገው ኦክስጅን ከሚረግጠው በብዙ ያነሰ ነበር። ደረጃ ስንወርድ ጭናችን የሚሠራው የያዘውን ሰው ሥራ ነው፤ እየተለጠጠ ሰውነታችንን ዝቅ ያደርጋል። ልብ አይደክምም፣ ጉልበት ግን ከክብደታችን ሦስት ተኩል እጥፍ ያህል ይሸከማል። ትንፋሽ ስለማያስጠነቅቀን አደጋውን የምናውቀው ጭናችን ሲከዳን ነው። እባካችሁ ስትወርዱ የደረጃውን መደገፊያ ያዙ። በሁለት እጃችሁ ዘንቢል ይዛችሁ አትውረዱ። በነጠላ ጫማ አትውረዱ፤ ተረከዝ የሚይዝ ጫማ አድርጉ። መውረዱን ግን አታቋርጡ። ከቤት ላለመውጣት የወሰነ ሰው ደረጃውን ከመፍራት አልጋውን ወደ መፍራት ነው የሚሸጋገረው፤ ይህን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

«መገጣጠሚያዬ እንዳያልቅ ቆጥቤ ልጠቀምበት» የሚል ሐሳብ በመካከላችን አለ። ስህተት ነው፤ ብዙ ጉዳትም አድርሷል። የአጥንቶቻችንን ጫፍ የሸፈነው ልም አጥንት የደም ሥር የለውም። ምግቡን የሚያገኘው ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ነው። ስንረግጥ ይጨመቃል፣ እግራችንን ስናነሳ ፈሳሹን መልሶ ይስባል። እንቅስቃሴ ያጣ መገጣጠሚያ የሚራብ መገጣጠሚያ ነው። ጉልበትን በእርግጥ የሚጎዳው ትርፍ ክብደት ነው። በአሜሪካ በተደረገ ጥናት ክብደቱን በ1 ኪሎ የቀነሰ ሰው በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበቱ ላይ ከሚያርፈው ሸክም 4 ኪሎ ያህል ይቀነስለታል። በፍራሚንግሃም ከተማ በተደረገ ሌላ ጥናት 5 ኪሎ ያህል የቀነሱ ሴቶች በጉልበት መገጣጠሚያ ሕመም የመያዝ ዕድላቸው በግማሽ ገደማ ቀንሶ ተገኝቷል። ለጉልበቱ የሚያዝን ሰው ከወንበሩ ላይ ሳይሆን ከማዕዱ ላይ ይጀምር። ጉልበቱ ያበጠ፣ የቀላ፣ ሌሊት የሚቀሰቅሰው ሰው ግን ይህን ጽሑፍ ትቶ መጀመሪያ ሐኪም ይይ።

ከሁሉ በላይ ላስጠነቅቃችሁ የምፈልገው ስለ አልጋ ነው። ጉንፋን ይይዘናል፣ ጨጓራ ያመናል፣ ወይም ለሌላ ነገር ሆስፒታል ገብተን እንወጣለን። ቤተሰብ ይሰበሰባል፤ አጥሚት በአልጋ ላይ ይቀርባል፤ «ይተኙ፣ ይረፉ» ይባላል። በ2007 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ጤነኛ አረጋውያን በፈቃዳቸው ለ10 ቀናት አልጋ ላይ እንዲቆዩ ተደረገ። ሕመም የለባቸውም፤ የሚበሉትም በልክ ነበር። በእነዚህ 10 ቀናት ውስጥ ከእግራቸው ብቻ ወደ 1 ኪሎ የሚጠጋ ሥጋ አጡ፤ የጭናቸውም ኃይል ቀነሰ። ልብ በሉ፤ ጤነኞች ነበሩ። ትኩሳትና የምግብ ፍላጎት ማጣት የተጨመረበትስ? በሥራ ዘመኔ ያየኋቸው ብዙ ሰዎች ከገቡበት ሕመም ድነው፣ በእረፍቱ ምክንያት መራመድ አቅቷቸው ወደ እኛ ክፍል የመጡ ናቸው። ሐኪሙ ተኙ ካላለ በቀር ከአልጋ ውጡ። ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ብሉ። በቤት ውስጥ ተመላለሱ። መቆም ካልቻላችሁ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣችሁ እግራችሁን ዘርጉና እጠፉ። አጥሚቱ መልካም ነው፤ ጡንቻ ግን ፕሮቲንም ይፈልጋል፤ የአረጋዊ ጡንቻ ደግሞ ከወጣቱ ይበልጥ። በጾሙ ሽሮውንና ምስሩን ሳትነፍጉ፣ በፍስኩ እንቁላሉንና ወተቱን ሳትንቁ ብሉ።

አባቶቻችንና እናቶቻችን ስፖርት ቤት አልሄዱም። ግን ምን ነበራቸው? ዱካ ላይ ይቀመጡ ነበር፤ ከዱካ ለመነሳት ጭን ከወንበር ይልቅ አብዝቶ ይሠራል። ለጸሎት ይሰግዱ ነበር። ሙስሊም ወንድሞቼና እህቶቼ በቀን በአምስቱ ግዴታ ሶላቶች 17 ረከዓ ይሰግዳሉ፤ በእያንዳንዱ ረከዓ ሁለት ሱጁድ ስላለ 34 ጊዜ ግንባራቸው መሬት ይነካል ማለት ነው። የምንጾመው ክርስቲያኖች በዐቢይ ጾም፣ በተለይም በሰሙነ ሕማማት ስንሰግድ ጭናችን፣ ዳሌያችንና ወገባችን የሚሠሩትን ሥራ የትኛውም የፊዚዮቴራፒ ክፍል በቀላሉ አያዝዝም። ለታመመ ተቀምጦ መጸለይ የተፈቀደ ነው፤ በዚህ ላይ የምናገረው የለኝም። ያልታመመ ሰው ግን ለምቾት ብሎ ወንበር ከያዘ፣ ጸሎቱን የሚቀበለው አምላክ ቢራራለትም ጭኑ አይራራለትም።

ስለ ምርኩዝ ደግሞ ሁለት ነገር። አንደኛው እፍረቱ ነው። ካህናቱ በመቋሚያ ተደግፈው ሌሊቱን ይቆማሉ፤ ከዘራ የትልቅ ሰው ጌጥ ነበር፤ ዛሬ ግን ዳሌው የሚያነክሰው እኩያችን ምርኩዝ ሲሰጡት ይቆጣል። አሜሪካዊው የአጥንት ሐኪም ዋልተር ብላውንት በ1956 እ.ኤ.አ. ለሙያ ባልደረቦቹ ምርኩዙን እንዳይጥሉት የሚለምን ጽሑፍ አወጣ፤ የዚያን ጊዜም ሰው ያፍርበት ነበርና። ሁለተኛው አያያዙ ነው፤ በየመንገዱ የማየው አብዛኛው ሰው ተሳስቶ ነው የሚይዘው። ቀኝ ዳሌያችሁ ከታመመ ምርኩዙ በግራ እጃችሁ ይሁን፤ ግራው ከታመመ በቀኝ። ከታመመው ዳሌ የራቀ እጅ ወደ መሬት በጥቂቱ ሲጫን፣ ቅድም የነገርኳችሁ የዳሌ ጎን ጡንቻ የሚያወጣው ኃይል ይቀንሳል፤ መገጣጠሚያው ላይ የሚያርፈውም አብሮ ይቀንሳል። በታመመው በኩል ከያዛችሁት ይህን ጥቅም ታጣላችሁ። ዘንቢል ወይም ቦርሳ ደግሞ በታመመው ዳሌ በኩል ቢያዝ ይሻላል፤ በማዶው እጅ ከሆነ ዳሌው ላይ ያለውን ጫና ያበዛል።

ልጆቻችሁ አሜሪካ ወይም አውሮፓ ወስደዋችሁ የምትኖሩ ሆይ፣ እናንተ ዘንድ ይህ ነገር ይብሳል። መኪናው ከበር ያነሳችኋል፣ ከበር ያወርዳችኋል። ክረምቱ ያስፈራል፤ ቋንቋው ያስፈራል፤ ልጆቹ ሥራ ላይ ናቸው፤ ሶፋና ቴሌቪዥን ይቀራሉ። የገበያ አዳራሾቹ ሰፊና ሞቃት ናቸው፤ ገብታችሁ ተመላለሱ። ቤተ ክርስቲያናችሁና መስጊዳችሁ አዳራሽ አላቸው፤ በሳምንት ሁለት ቀን ተሰብሰቡና አብራችሁ ከወንበር ተነሱ፣ ተቀመጡ።

አሁን ዘግይቷል የምትሉኝ አላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1990 በቦስተን ማሪያ ፊያታሮኔና ባልደረቦቿ ዕድሜያቸው ከ86 እስከ 96 የሆኑ፣ በአረጋውያን መንከባከቢያ የሚኖሩ 10 ሰዎችን ለ8 ሳምንታት በክብደት አሠሩ። እንደ ሕፃን አልተያዙም፤ የሚያነሱት ክብደት በእግራቸው አቅም ልክ የከበደ ነበር። የእግራቸው ኃይል በአማካይ በ174 በመቶ ጨመረ፤ ሁለቱ ምርኩዛቸውን ትተው መራመድ ቻሉ። ከ4 ዓመት በኋላ 100 አረጋውያን የተሳተፉበት ሰፊ ጥናት ያንኑ አረጋገጠ። የ90 ዓመት ሰው ጡንቻ ሥራ ሲሰጠው ያድጋል። እኔ ከዚህ የሚበልጥ የምሥራች በሙያዬ ውስጥ አላነበብኩም፤ እንዲህ ሆኖ ሳለ ከ65 ዓመታችን ጀምሮ ተስፋ ቆርጠን ስንቀመጥ ማየት ያንገበግበኛል።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው። ዛሬ ልጆቻችሁን ጥሩና «ከእንግዲህ ውሃዬን ራሴ እቀዳለሁ፤ ስነሳ አትከልክሉኝ፤ ካደናቀፈኝ ብቻ ያዙኝ» በሏቸው። ሌሊት የምትሄዱበት መንገድ መብራት ይኑረው፤ የሚንሸራተት ምንጣፍ ይነሳ። ቀጥሎ ጠንካራ ወንበር ግድግዳ አስደግፉ፣ ሰው አጠገባችሁ ይቁም፤ ክንዳችሁን ደረታችሁ ላይ አጣምራችሁ ያለ እጅ እርዳታ ተነሱ። አምስት ጊዜ መነሳትና መቀመጥ ከቻላችሁ በየቀኑ ጠዋትና ማታ ድገሙት፤ ሲቀልላችሁ ጨምሩበት። የልብ ሕመም ያለባችሁ ወይም ስትነሱ የሚያዞራችሁ ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪማችሁን ጠይቁ። አንድ ጊዜ እንኳ መነሳት ካቃታችሁ ጭናችሁ ከመውደቅ ላያድናችሁ ከሚችልበት ደረጃ ደርሷል ማለት ነውና፣ እስክትወድቁ አትጠብቁ፤ በዚህ ሳምንት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ዘንድ ሂዱ።